ቁልፍ የሚከፍተው ሰውዬ

የቤታችን በር ጠባይ ነበረው። እጀታውን ወደ ራስ ሳብ፣ ትንሽ ወደ ላይ ቀና፣ ከዚያ ቁልፉን ዞር። ይህን ቅደም ተከተል የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትንሿ ልጄ እንኳን እጇ ቁልፉ ጋ ሳይደርስ በቃሏ ትወጣው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ግን በሩ ይገግማል። አማቴ ከጎንደር በመጡ ቁጥር «እናንተ ቤት ለመግባት መጀመሪያ ስግደት ነው» ይላሉ። እንስቃለን። በሩ ታሟል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ደግሞም መድኃኒት አልነፈግነውም፤ በጠጠረ ቁጥር ሚስቴ ከወጥ ቤት የምግብ ዘይት በማንኪያ አምጥታ ታጠጣዋለች። ለጥቂት ቀን ይለሰልስና ተመልሶ ይጠጥራል።

አንድ ዝናባማ ማታ የቁልፉ ራስ እጄ ላይ ቀረ፤ ጥርሱ እዚያው ውስጥ። አራታችንም ኮሪደር ላይ ቆመናል፤ ልጆቹ ርቧቸዋል፤ ሚስቴ የገዛችው ዳቦ በፌስታል ተንጠልጥሏል። ታክሲ መያዣው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ለሚቀርጸው ሰውዬ ደወልን። በትንሽ ቦርሳ መጣ። «መብራት ያዙልኝ» አለና እኛ የስልካችንን መብራት ስናበራለት ጀርባውን አዙሮ ቁልፉንም መብራቱንም ጋረደብን። ትከሻው ብቻ ነው የሚታየን። ወዲያው ስባሪዋን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት፤ ትንሽ ቆይቶ በሩም ተከፈተ።

የጠየቀውን ዋጋ ስትሰማ ሚስቴ «ለዚችው?» አለች።

«እህቴ» አላት፣ «ሁለት ሰዓት ባስቆማችሁ ኖሮ ደስ ብሏችሁ ትከፍሉኝ ነበር።»

ምን እንዳደረገ ብጠይቀው «ሙያ ነው» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

ገንዘቡ አልቆጨኝም። ያ ጀርባ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። በገዛ በሬ ላይ፣ በገዛ መብራቴ፣ የማላየው ነገር ተሠራ። እንዲህ ያለ ነገር አንዳንድ ሰው ይረሳዋል። እኔ ግን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ያልታየ ነገር ላይ መፈረም ስለማልወድ በማግስቱ ማንበብና ማየት ጀመርኩ።

ተራ የበር ሲሊንደር ውስጥ ቁልፉ ገብቶ የሚያዞረው ድቡልቡል ናስ አለ። በእሱ ላይ በአንድ መስመር አምስት ወይም ስድስት ቀዳዳ ተበስቷል፤ በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ትንንሽ ፒን ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ከኋላቸው ቀጭን ሞላ ይገፋቸዋል። ቁልፍ ካልገባ አንደኛው ፒን ግማሹ በሚዞረው ውስጥ፣ ግማሹ በማይዞረው ቀፎ ውስጥ ሆኖ አግዶ ይቆማል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሳሉ፤ ሁለቱ ፒኖች የሚገናኙበት ቦታ ልክ ድንበሩ ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ነፃ ነው። በቃ ይኸው ነው። የጥንት ግብፆች ይህንኑ በእንጨት ሠርተውት ነበር፤ ቁልፋቸው ክንድ የሚያህል ጥርስ ያለው እንጨት ነው። ከሺህ ዓመታት በኋላ አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በብረት መልሶ አመጣው፤ አባትየው እ.ኤ.አ. በ1848 ሠራው፣ ያው ስም ያለው ልጁ ደግሞ በ1861 ፓተንት አስመዘገበ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዛት ጠፍጣፋ ቁልፍ የልጅየው ናት።

ታዲያ ያለ ቁልፍ እንዴት ይከፈታል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የጣፈጠኝ። አምስቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ናቸው ይባላል እንጂ አይደሉም። የትኛውም መሰርሰሪያ አምስት ቀዳዳ ፍጹም ቀጥ አድርጎ አይበሳም፤ አንዱ በፀጉር ስፋት ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ያጋድላል። ስለዚህ ሲሊንደሩን በቀስታ ለማዞር ስትሞክር አምስቱ ፒኖች እኩል አይያዙም። አንዱ ብቻ ቀድሞ ይጨናነቃል። እሱን ፈልገህ በቀጭን ሽቦ ታነሳዋለህ፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ «ጠቅ» ትላለች፤ ከዚያ ተረኛው ይያዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ተራ በተራ። ፋብሪካ ስንፍናውን ቢተው ኖሮ ያ የቆርቆሮ ሱቅ ባልተከፈተ ነበር።

መሣሪያ የሚሸጥ ስላላገኘሁ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ጎማ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ፤ ጎማው ሲያረጅ አብረው ይጣላሉ። የዚህ ሥራ ሰዎች የሚወዷቸው እነሱን ነው፤ ይታጠፋሉ እንጂ አይሰበሩም። አንዱን ጫፉን ቀልብሼ ማዞሪያ አደረግሁት፤ ሌላውን በሞርሳ ይዤ በሞረድ ሞረድኩት። ሲግል ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብረቱ ጥንካሬውን ይለቃል። ጓደኛዬ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝና ስነግረው የጋራዡን መሳቢያ በእግሩ ዘጋ። ቀልዱን መሰለኝ።

ከመርካቶ አንድ ጓጉንቸር ገዝቼ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት እየተቀመጥኩ እነካካዋለሁ። የጀማሪ በሽታ መጫን ነው። አይከፈትም ባለ ቁጥር እጅ ይጠነክራል፤ እጅ በጠነከረ ቁጥር ፒኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጨናነቁና ማንኛቸው ተረኛ እንደሆነ አይለይም። ማዞሪያው ላይ የሚያርፈው ጣት ያለ እስከማይመስል መቅለል አለበት። ይህን በቃል ማወቅና ጣትን ማሳመን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጓጉንቸሩ የተከፈተው ዜና እየተነበበ፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ በነበረበት ሰዓት ነው። ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ አጨበጨበች። ሚስቴ ምስር ከመልቀም ቀና ብላ «ተመስገን፤ ከእንግዲህ ከሥራ ቢያባርሩህም አንራብም» አለች።

ይህ ነገር የጨዋ ሰው ጨዋታ እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ እንኳን ቁልፍ መሥራት ይወድ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የራሱ ብረት መቀጥቀጫ ነበረው፤ ጋማን የሚባል ቁልፍ ሠሪ ያስተምረው ነበር አልኳት።

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

መጨረሻው ጥሩ አይደለም። አብዮቱ ሲመጣ ንጉሡ ምስጢራዊ ወረቀቶቹን የሚያስቀምጥበት የብረት ቁም ሣጥን በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ውስጥ አሠራ፤ አብሮት የሠራው ጋማን ራሱ በኅዳር 1792 እ.ኤ.አ. ሄዶ ለመንግሥት ጠቆመ። ወረቀቶቹ በንጉሡ ላይ ማስረጃ ሆኑ፤ በጥር አንገቱን ተቆረጠ።

«አየህ» አለች ሚስቴና ወደ ምስሯ ተመለሰች። ቀጥላ ግን «ብቻ ከቤት ውጪ እንዳታወራው» አለችኝ። ያኔ ምን ያስፈራታል ብዬ ነበር።

ጓጉንቸሩ ሲሰለቸኝ የራሳችንን በር ሲሊንደር ፈትቼ ላጥበው ወሰንኩ። ቀኑ የበዓል ዋዜማ ነው። ሲሊንደር ማውጣት ቀላል ነው፤ በሩን ከፍቶ በጎኑ በኩል መቀርቀሪያው በሚወጣበት ቁመት ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቪቴ መፍታት፣ ከዚያ ቁልፉን ትንሽ ብቻ ዘወር ማድረግ። መሐል ላይ መቀርቀሪያውን የምትገፋ ምላስ አለች፤ እሷ ከቀፎው ጋር እስክትስተካከል ድረስ አይወጣም። ወጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስፈታው ከውስጡ የፈሰሰው ነገር ዘይት አይባልም፤ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ የናስ ብናኝና የመንገድ አቧራ የተቦካበት። የምግብ ዘይት ቁልፍ ውስጥ አቧራ እየሰበሰበ ይረጋል። ለቁልፍ የሚሻለው ደረቅ ነገር ነው፤ የእርሳስ ፍሬ ፈጭቶ ቁልፉ ላይ መቀባት ዘይት ካጠጡት ይበልጣል።

ባለሙያ የሚዞረውን ናስ ሲያወጣ ልኩ የሆነ ድቡልቡል እንጨት ከኋላው እያስከተለ ነው፤ ፒኖቹና ሞላዎቹ ቦታቸውን እንዳይለቁ። ይህን አንብቤዋለሁ። እንጨቱም ነበረኝ፤ በመጠኑ ይቀጥናል እንጂ። ስገፋው ሞላዎቹ አንድ ባንድ ሳይሆን በአንድ ትንፋሽ ወጡ። አንደኛው ግንባሬን መታኝ። የቀሩት ከፒኖቻቸው ጋር ሳሎን ገቡ። ሳሎን ደግሞ ሚስቴ ለበዓሉ ቄጠማ ጎዝጉዛ ጨርሳ ነበር።

ሦስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ የናስ ፒን በእርጥብ ቄጠማ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በዓል በሰላም ውሏል። ልጆቹ በባትሪ መብራት ተንበረከኩ። የጎረቤት ልጅ ከአሮጌ ስፒከር የተፈታ ማግኔት ይዞ ሲመጣ ሁላችንም ተስፋ አደረግን፤ ማግኔቱ ሞላዎቹን፣ ሁለት መርፌና አንድ የጠፋ የጆሮ ጌጥ መንጠቆ ሰበሰበ። ናስን ማግኔት አይስበውም። አማቴ ከሶፋው ላይ ሆነው «እናንተ፣ ነገ የመድኃኔዓለም ያለህ የሚል እንግዳ ሲመጣ ምን ልትሉት ነው?» ይላሉ። ሚስቴ ዝም ብላለች። እሷ ዝም ስትል ነው መፍራት።

ከአሥሩ ፒኖች ዘጠኙ ተገኙ። አሥረኛው እስከ ዛሬ የለም፤ ከቄጠማው ጋር ተጠርጎ ሄዷል። ስለዚህ አንዱን ቀዳዳ ባዶ ትቼ ገጠምኩት። ቁልፉ እንደሆነ ይሠራል፤ ባዶ ቀዳዳ ማንንም አያግድም። በሒሳብ ግን ያሳዝናል። እያንዳንዱ ፒን ስድስት ቁመት ሊኖረው ይችላል ብንል ባለ አምስት ፒን ቁልፍ በወረቀት ላይ 7776 ዓይነት ይሆናል፤ ባለ አራቱ ግን 1296 ብቻ። አንዲት የምስር ፍሬ የማታክል ናስ ከቤተሰቤ ደኅንነት ስድስት እጅ አምስቱን ይዛብኝ ሄደች።

በሩ ላይ ስመልሰው ቁልፉ በአንድ ጣት ዞረ። ቤተሰቡን ሰብስቤ አሳየሁ። ከዚያ በሩን ዘጋሁና ቁልፉን ባዞረው ያው ሳብ፣ ቀና፣ ዞር።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ወደዚያ ቆርቆሮ ሱቅ ሄድኩ። ሰውዬው የቀረጻ ማሽኑን አጥፍቶ ሰማኝ።

«በሩ ተከፍቶ ስታዞረው ይዞራል?»

«በአንድ ጣት።»

«ሲዘጋስ?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ቁልፉን ምን በደለህ? በሩ ወርዷል። መቀርቀሪያው የፍሬሙን ቀዳዳ ስቶ ብረቱን ይገፋል፤ እናንተ ደግሞ በቁልፍ እየታገላችሁ ትገፉታላችሁ። ማጠፊያው ውስጥ ሮንዴላ ጨምርበት።»

ሮንዴላ ገዛሁ። ሁለት ሰው ሆነን በሩን ከማጠፊያው ላይ አንስተን ከታች ከታቹ ጨመርንና ግራሶ ቀባን። በሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አለ፤ የዓመታት ስግደት አበቃ። የብዙ ቤት ቁልፍ የሚሰበረው እንዲህ ይመስለኛል፤ በበር ጥፋት። ቁልፍ ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ካልጠየቋቸው ለምን ይናገሩ?

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ኖሮ ሚስቴ ትክክል ባልሆነች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብለው የሚኖሩት እትዬ ቆሻሻ ሊጥሉ ወጡ፤ የልጅ ልጃቸው፣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከውስጥ ቁልፉን አዙሮ ነቅሎ ወረወረው። ሽሮ ምድጃ ላይ ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ የሽሮው ሽታ መለወጥ ጀምሯል፤ አንዱ በሩን እንስበረው ይላል፣ ሌላው እሳት አደጋ እንጥራ ይላል። ልጄ ከመሐል «አባዬ ይከፍተዋል» አለች።

መሣሪያዎቼን አምጥቼ ተንበረከክሁ። ከበስተኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው። ጥቂት እንደሞከርኩ ሳላውቀው ጀርባዬን አዙሬ ቁልፉን ጋርጄዋለሁ። የሚደበቅ ምስጢር ኖሮኝ አይደለም። ሰው ጣትህን እያየ ጣትህ አይሰማም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ያንን ሰውዬ በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ፒኖቹ አንድ ባንድ ጠቅ ጠቅ አሉ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሽሮው ግን አልተረፈም። እትዬ እጄን ስመው «እጅህ ይባረክ፣ የእጅህን ፍሬ ይስጥህ» ብለው መረቁኝ። ያን ቀን ከታችኛው ፎቅ እስከ ላይኛው ስሜ ወጣ።

ምርቃቱ ግን ብዙ አልቆየም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰላምታው ረዘመ፤ በሁለተኛው አጠረ። ከእኛ በላይ የሚኖር አንድ ሰው ደረጃ ላይ ሲያየኝ ኤቲኤም ላይ የምስጢር ቁጥሩን እንደሚጋርድ ሰው ቁልፉን በሌላው እጁ እየሸፈነ መክፈት ጀመረ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ዛሬ ቀደም ብለው ገቡ» ይለኛል፤ ሰዓቴን ለምን እንደሚይዝ አልገባኝም። ከዚያ ከጣሪያው ላይ የሦስት ቤት ዲሽ ራስ ጠፋ። ወደ ጣሪያ የሚያወጣው በር ጓጉንቸር አልተሰበረም። ተቆልፎ ነው የተገኘው።

የብሎኩ ነዋሪ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን እየጠረጉ «እንግዲህ ጥያቄው ማንንም ለመንካት አይደለም» ብለው ጀመሩ። እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ጥያቄ ማንን እንደሚነካ ሁሉም ያውቃል። «ያለ ቁልፍ፣ ሳይሰበር፣ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም? እንዲያው ለማወቅ ያህል። የሚያውቅ ሰው ካለ።» አዳራሹ በሙሉ በትሕትና ወለሉን ያያል።

የፊዚክስ ሊቁን ሪቻርድ ፋይንማንን አሰብኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አቶሚክ ቦምብ ከሚሠሩት አንዱ ነበር፤ ትርፍ ሰዓቱን የባልደረቦቹን ካዝና ሲከፍት ያሳልፋል። ራሱ እንደተረከው፣ ኦክ ሪጅ ለሚገኝ ኮሎኔል ካዝና ተከፍቶ ሲተው የቁጥሩ ሁለት ሦስተኛ በቀላሉ እንደሚገኝ አስረዳው፤ ሥራ ላይ ሳላችሁ ካዝናውን ክፍት አትተዉ ብሎ መከረው። ኮሎኔሉ ለሠራተኛው ሁሉ ማስታወቂያ አስተላለፈ። ማስታወቂያው ግን ካዝናችሁን ዝጉ አይልም፤ ፋይንማን ቢሯችሁ ገብቶ ከነበረ ቁጥራችሁን ቀይሩ ይላል። ከዚያ ወዲያ እዚያ ሲሄድ ሠራተኛው ሁሉ ራቅ በልልን ይለው ጀመር።

አልፍሬድ ሆብስንም አሰብኩት። በ1851 እ.ኤ.አ. ለታላቁ ኤግዚቢሽን ከአሜሪካ ለንደን መጣ። ፒካዲሊ በሚገኝ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የብራማ ቁልፍ ከ60 ዓመት በላይ ተሰቅሎ ኖሯል፤ ለሚከፍተው 200 ጊኒ ሽልማት ተብሎ። የሚነካካውን ሰው ለባለቤቱ የሚያሳብቅ የቻብ ቁልፍ የሚባል ሌላም ነበር። ሆብስ የቻብን በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተው፤ የብራማው በ16 ቀናት ላይ ተከፋፍሎ ከ50 ሰዓት በላይ ፈጀበት። ሽልማቱን ከፈሉት። ለንደን ግን ተቆጣች፤ ቁልፉ ደካማ በመሆኑ ሳይሆን መክፈቱ በአደባባይ በመወራቱ የተቆጣ ብዙ ነበር። እሱና ደጋፊዎቹ ሌቦች ይህን ድሮም ያውቁታል፣ የማያውቀው ባለቤቱ ነው እያሉ ተከራከሩ። እኔም እዚያ አዳራሽ እንዲሁ ልል ተነሳሁ፤ አፌን ሳልከፍት ግን እትዬ ከኋላ ድምፃቸውን አሰሙ።

«ምን ያለ ቁልፍ ትላላችሁ? የጣሪያው ቁልፍ ዘበኛው ቤት ሚስማር ላይ ነው የሚሰቀለው። እኔ ራሴ ትናንት በርበሬ ላሰጣ አንስቼው ወጥቻለሁ።»

ጉባኤው ተጉረመረመ። እገሌም ለልብስ ማስጫ ወስዶታል፤ የእገሌ ልጅም ለርግቦቹ። ቁልፉ ከሚስማሩ የማይወርድበት ቀን አልነበረም። ሰብሳቢው ጉዳዩን በጥሞና መርምረው ውሳኔ አሳለፉ፤ ለጣሪያው በር ትልቅ ጓጉንቸር ይገዛል። ተገዛ። እውነትም ትልቅ ነው። ቁልፉ እዚያው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ክብደቱ ስለበዛ ሚስማሩ ተቀይሯል።

በቃለ ጉባኤው ግርጌ አንድ መስመር ተጨምሮ ነበር፦ ነዋሪው በየግሉም ጥንቃቄ እንዲያደርግ። በየደረጃው የሲሊንደር ካርቶን ወድቆ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ያ ቁልፉን በእጁ የሚሸፍነው ሰውዬ ሁለት አስገብቷል፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። እትዬ ብቻ ናቸው ያልቀየሩት፤ «ቢጠፋብኝ አንተ አለህልኝ» ይላሉ።

በቅርቡ ለልጄ ትርፍ ቁልፍ ላስቀርጽ ወደ ቆርቆሮ ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው ሲያየኝ በርጩማ ጎትቶ አስቀመጠኝ፤ ሻይም አስመጣ። ቁልፏን ቀርጾ በሞረድ አስተካክሎ ሰጠኝ፤ ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን ያዘው።

«ከአንተ አልቀበልም» አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ከጀርባ ያሉት ብሎኮችስ ጥሩ ናቸው ይባላል፤ ቤት የመቀየር ሐሳብ የለህም?»